ባለቀለም ምንጣፍ፦ ከቀለሙ በፊት ክሩን ይምረጡ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ሶፋው ግራጫ፣ ግድግዳው ክሬም፣ ወለሉ ቡናማ ሴራሚክ። የነበረው ቀይና ነጭ የሱፍ ምንጣፍ ቤት ውስጥ ሲታጠብ ቀዩ ወደ ነጩ ለቀቀ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሹም ወየበ። አሁን ደመቅ ያለ ሌላ ምንጣፍ ሊገዛ ታስቧል፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። የትኛው ቀለም፣ ምን ያህል መጠን፣ ምን ዓይነት ክር ይሻላል? እንዴትስ ይያዛል?

ቀለሙን መጨረሻ ላይ ይምረጡት። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ዓይኑ ያረፈበትን ቀለም ያነሣና ክሩ ምን እንደሆነ፣ ቀለሙ እንዴት እንደገባበት ሳይጠይቅ ይከፍላል። ያ የወደዱት ቀለም አንድ ዓመት ይቆይ ወይም ሃያ ዓመት የሚወስኑት ግን እነዚህ ናቸው። የቀድሞው ምንጣፍዎ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች ነበሩበት፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ብርሃን ሲመታው ይወይባል። አንዱን የሚችል ቀለም ሌላውን ላይችል ስለሚችል ለየብቻ እንያቸው።

ቀዩ ለምን ለቀቀ

ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀለመው አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ ከክሩ ጋር በሚጣበቁ ቀለሞች ነው። ጠንቃቃ ቀላሚ ክሩ ቀለሙን ከጠጣ በኋላ ያልተያዘው ትርፍ ተጠርጎ እስኪወጣ ደጋግሞ ያለቀልቀዋል። ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ብዙ ቀለም ስለሚፈልጉ ትርፋቸውም ብዙ ነው። ማለቅለቁ ላይ ከተቆጠበ ትርፉ ክሩ ላይ ይቀርና የመጀመሪያው እጥበት ሲመጣ ይወጣል። እጥበቱ በልብስ ዱቄት ሳሙና ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ዱቄት ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) 10 አካባቢ ነው፣ በአሲድ የተያዘውን ቀለም እንዲህ ያለ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ያላቅቀዋል። ሙቅ ውሃ ያፋጥነዋል። ከዚያ ምንጣፉ ገመድ ላይ ሲሰቀል ውሃው ቀለሙን ይዞ ቁልቁል ይወርድና ነጩ ላይ ይደርቃል። በሌላ አነጋገር፣ ቀለሙ ደካማ ቢሆንም ጉዳቱን ያጎሉት ሳሙናው፣ ሙቀቱና አሰቃቀሉ ናቸው።

ጨው ወይም ኮምጣጤ ውሃው ላይ ቢጨመር ቀለሙን «ያስይዘዋል» የሚባለውን አይመኑ። ኮምጣጤ ሱፍ ላይ እጥበቱ እስኪያልቅ ድረስ መልቀቁን ሊቀንሰው ይችላል፤ በደንብ ያልተያዘን ቀለም ለዘለቄታው አያስይዝም። ጨው ለዚህ ምንም አይረዳም።

ምንጣፍ ሲለቅ ርጥብ እያለ ከደረሱበት ዋናው ነገር እንዲደርቅ አለመፍቀድ ነው። በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ያለማቋረጥ ያለቅልቁት፤ ከነጩ ወደ ቀዩ አቅጣጫ እንዲፈስ አዘንብለው ይያዙት፤ ውሃው ጠርቶ ሲወርድ በጎማ መግፊያና በነጭ ፎጣ ውሃውን አስወጥተው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በነፋስ ቶሎ ያድርቁት። አንዴ ነጩ ላይ ከደረቀ በኋላ ቤት ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ አደገኛ ነው፤ በተለይ በረኪና። በረኪና ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሱፉን ራሱን ያሟሟዋል። የደረቀ ልቃቂ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

አዲሱን ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ያስፈቅዱና ይህን ይሞክሩ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ያርጥቡና እስከማይንጠባጠብ ይጭመቁት። በጣም ደማቁ ቀለም ላይ አስቀምጠው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። ሲያነሡት በጨርቁ ሌላ ጫፍ ያንኑ ቦታ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ ይፈግፍጉ። ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ካለው ሦስቱንም ለየብቻ ይሞክሩ፤ አንዱ ጸንቶ ሌላው ሊለቅ ይችላል። አዲስ ምንጣፍ ላይ ደረቅ ጨርቅ በጥቂቱ ቢቀላ የላይ ብናኝ ሊሆን ይችላል። እርጥቡ ጨርቅ ከቀላ ግን ያንን ምንጣፍ ልጆች ላሉበት ቤት አይግዙት፤ ጭማቂ በፈሰሰ ቁጥር ችግር ይሆናል። ቤት ከገባም በኋላ ሊያጸዱበት ባሰቡት የሳሙና ውህድ ጥግ ላይ ፈተናውን ይድገሙት፤ በውሃ ያለፈ ቀለም በሳሙና ሊወድቅ ይችላልና።

መስኮቱ

የብርሃን ጉዳት ይደመራል፤ ዛሬ የወየበው አይመለስም፣ ነገ ይጨመርበታል። የመስኮት መስታወት የአልትራቫዮሌት ጨረርን አጭሩን ክፍል ቢያግድም ከረጅሙ ክፍል ብዙውን ያሳልፋል፤ በዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱም ቀለም ያወይባል። ስለዚህ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ጨረር አጋጅ ፊልም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስስ መጋረጃ ፀሐይ በቀጥታ በምትገባባቸው ሰዓታት መዝጋትና ምንጣፉን በ3 ወሩ ግማሽ ዙር ማዞር፣ ማለትም የመስኮቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ማምጣት፣ ከፊልሙ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ማዞር መወየቡን አያስቆምም፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል እንዲሄዱ ያደርጋል፣ ዓይን የሚረበሸው ደግሞ በልዩነቱ ነው።

ፋብሪካዎች ብርሃን መቻልን የሚለኩበት አይኤስኦ 105-ቢ02 የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 8 ይሄዳል፣ 8 ከሁሉ የጸናው ነው። መስኮት ዳር ለሚነጠፍ 6 ወይም ከዚያ በላይ፣ ፀሐይ ለማያገኘው 5 ይጠይቁ። ውሃና ፍትጊያ መቻል ግን የሚለካው ከ1 እስከ 5 ነው። ወረቀቱ ላይ «5» የሚል ሲያዩ የየትኛው 5 እንደሆነ ሳይጠይቁ አይለፉ፤ በአንዱ መለኪያ ከፍተኛው፣ በሌላው መካከለኛው ነው።

በእጽዋት የተቀለመ ሁሉ ጽኑ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። ኢንዲጎ ሰማያዊና ማደር ከሚባል ተክል ሥር የሚገኘው ቀይ ይጸናሉ፤ የእርድ ቢጫ ግን ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይጠፋል።

የትኛው ክር

ለእርስዎ ሳሎን እኔ የማስቀድመው ሱፍ ነው፤ ጸጉሩ፣ ማለትም ቆሞ የሚታየው ክር፣ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን። ሱፍ ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶችና የተፈጥሮ ቅባት ስላለው የፈሰሰ ነገር ወዲያው አይሰርግበትም፤ ጥቂት ደቂቃ ያገኛሉ። ተረግጦ ቀና ይላል፣ ቆሻሻ ላዩ ላይ አያሳብቅም፣ እሳትም ቶሎ አይይዘውም። ጠላቶቹ አልካሊ ሳሙና፣ በረኪና፣ ብል፣ እንዲሁም ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ያለበት የእድፍ ማስለቀቂያ ናቸው። ሱፍ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ኢንዛይሙ እድፉንና ክሩን አይለይም።

በጀቱ ካልፈቀደ ሁለተኛው ምርጫ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ክር ነው። ክሩ ከመፈተሉ በፊት፣ ፕላስቲኩ ገና ቀልጦ ሳለ ቀለም የተቀላቀለበትን ይፈልጉ። እንዲህ ያለው ቀለም ክሩ ውስጥ ስላለ ውሃ አያወጣውም፣ ብርሃንም በደንብ ይችላል። ሁለት ድክመት አለው። ዘይትና ቅባት ይወዳል፤ የፈሰሰ ዘይት ከሱፍ ይልቅ እሱ ላይ ይከርማል። ደግሞም በ160 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ካውያም ሆነ ከባድ ዕቃ በኃይል መጎተት የማይጠፋ ምልክት ያስቀምጥበታል።

ከእንጨት በፋብሪካ የሚሠራው ቪስኮስ የሚባል ክር ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። «የሐር ምንጣፍ» ተብሎ የሚሸጠው፣ የሚያብረቀርቀውና በርካሽ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሲረጥብ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ንጹሕ ውሃ እንኳ ሲደርቅ ቢጫ ክብ ይተውበታል፣ የተኛው ጸጉርም አይነሣም። ልጅ ያለበት ሳሎን ቦታው አይደለም። ጁት የሚባለው ሻካራ የተክል ክርም ቀለሙ ቢያምር ውሃ ሲነካው ቡናማ ጥላ ያወጣል፤ ፈሳሽ ለማይደርስበት ክፍል ይተዉት።

ሻጩ የነገረዎትን ለማረጋገጥ ከጠርዙ አንድ ፍንጣቂ ክር ነቅለው በእሳት ይሞክሩት፤ በብረት ዕቃ ላይ፣ በመቆንጠጫ ይዘው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ሲያርቁት ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። ጥጥና ቪስኮስ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታሉ። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊስተር ይቀልጡና ጠንካራ ዶቃ ይሆናሉ።

ከዚያ ምንጣፉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ንድፉ በጀርባውም ጥርት ብሎ ከታየና ዘርፉ የድሩ ቅጥያ ከሆነ በቋጠሮ የተሠራ ነው። ንድፉ ታይቶ ዘርፉ በኋላ የተሰፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የማሽን ሥራ ነው፤ ይህ ነውር የለውም። ጀርባው በሸራ የተሸፈነ ከሆነ ግን ጸጉሩ በመርፌ ተወግቶ በላቴክስ ሙጫ የተያዘ ነው። ይህ ዓይነቱ አይዘፈዘፍም፣ በዱላም አይመታም። ሙጫው ሲያረጅ ዱቄት ሆኖ ከሥሩ ይራገፋል፣ ጸጉሩም ይነቀላል። ሲዘፈዘፍ ደግሞ የሸራው ቡናማ ቀለም ወደ ላይ ይወጣል።

አንድ ፈተና ይቀራል። ጸጉሩን በሁለት ጣት ከፍለው እስከ ሥሩ ይመልከቱ። ቀለሙ ጫፉ ላይ ብቻ ኖሮ ሥሩ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ከላይ የታተመ ነው፤ ሰው የሚመላለስበት ቦታ ቶሎ ያሳጣዋል።

መጠኑ

ሶፋዎ ስንት ሜትር እንደሆነ ስላልተጻፈ 2.2 ሜትር ብዬ ልያዝ። ምንጣፉ በሶፋው ግራና ቀኝ ቢያንስ 15፣ 20 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ በሶፋው አቅጣጫ ከ2.5 ሜትር ያላነሰ ያስፈልጋል። 160 በ230 የሚባለው የተለመደ መጠን በእያንዳንዱ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይተርፈዋል፤ ርካሽ ስለሆነ ሰው የሚገዛው እሱን ነው፣ ክፍሉንም የሚያሳንሰው እሱ ነው። ለእርስዎ 240 በ340 ይሻላል፤ ረጅሙ ጎን ከሶፋው ጋር ትይዩ ሆኖ። ከ240ው ስፋት 20 ሴንቲ ሜትሩ ከሶፋው ፊተኛ እግሮች ሥር ይገባል፣ 40 ለጠረጴዛውና ለሶፋው ክፍተት፣ 60 ለጠረጴዛው፤ የቀረው 120 የትይዩ ወንበሮችን ፊተኛ እግሮች ይይዛል። 200 በ290ም ይሄዳል፤ ጠባብ ጠረጴዛ ግን ይፈልጋል። 300 በ400 ቢያነጥፉ በዙሪያው 50 ሴንቲ ሜትር ወለል ስለሚተርፍ ክፍሉ ይችለዋል፤ የበሩን አከፋፈት ብቻ አስቀድመው ይለኩ። የምንጣፉንና የሥረኛውን ንጣፍ ውፍረት ደምረው ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት ጋር ያስተያዩ።

ከመግዛትዎ በፊት በጋዜጣ ወይም በወረቀት ፕላስተር ልኩን ወለሉ ላይ አስምረው ሁለት ቀን ይመላለሱበት። በንድፍ ላይ ያልታየ ነገር፣ ለምሳሌ ጠርዙ ልክ መተላለፊያው መሐል ማረፉ፣ ያኔ ይታያል።

ቀለሙ

ግራጫ አንድ ዓይነት አይደለም። የሶፋውን ጨርቅ ከነጭ ወረቀት አጠገብ አድርገው በቀን ብርሃን ይዩት፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል ወይስ ወደ ቡናማ? ክሬም ግድግዳና ቡናማ ወለል ሁለቱም ሞቅ ያሉ ናቸው። ሶፋው ወደ ሰማያዊ ካደላ በክፍሉ ውስጥ ቀዝቃዛው እሱ ብቻ ስለሚሆን የተነጠለ ይመስላል። መፍትሔው ምንጣፉ ውስጥ ሁለቱንም ማግኘት ነው፦ ዋናው ሜዳ፣ ማለትም የምንጣፉ ሰፊ መደብ፣ ሸክላማ ቀይ ሆኖ በውስጡ ግራጫና ጥልቅ ሰማያዊ ያለበት፣ ወይም ሜዳው ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ወርቃማ ቢጫና ቡናማ የገባበት። ሶፋው ወደ ቡናማ ካደላ ነጻነትዎ ይሰፋል፤ አረንጓዴም ሆነ ወይን ጠጅ ይቀበላል።

ይበልጥ የሚረሳው የቀለሙ ጠቆርታ ነው። ምንጣፍና ወለል በጠቆርታ እኩል ከሆኑ ቀለማቸው ቢለያይም ጠርዙ ይጠፋል፣ ምንጣፉም ወለሉ ላይ የተደፋ ነገር ይመስላል። ይህን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ወለሉንና ናሙናውን አንድ ላይ በስልክ ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያድርጉት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ሌላ ይፈልጉ።

ለልጆች ቤት መካከለኛ ጠቆርታና ጥቃቅን ንድፍ ይሻላል። ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ሜዳ ብቻውን ሲሆን ብናኝና ፍርፋሪ ያሳያል፤ ነጭ ሜዳ ሌላውን ሁሉ ያሳያል። በቀይና ነጭ አንዴ ስለተጎዱ እንደገና ጠንካራ ቀይ ከንጹሕ ነጭ አጠገብ ያለበትን አልመክርም። ነጩ ቦታ ላይ ክሬም ወይም ግመልማ ቡናማ ቢኖር ትንሽ ልቃቂ እንኳ አይጮኽም።

ናሙናውን ቤት ወስደው በጠዋት ብርሃንም፣ ማታ በአምፖልም ይዩት። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (አምፖሉ ላይ የሚጻፍ የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ ቢጫማ አምፖል ቀዩን ያሞቀዋል፣ ሰማያዊውን ያደበዝዘዋል፤ ከ4000 በላይ የሆነው ነጭ አምፖል ተቃራኒውን ያደርጋል። በሱቅ መብራት ግጥም ያሉ ሁለት ቀለሞች ቤት ውስጥ ሊለያዩ የሚችሉትም ለዚህ ነው። ሌላም አለ፦ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ምንጣፉ ከአንዱ ጫፍ ጠቆር፣ ከሌላው ጫፍ ፈካ ብሎ ይታያል። ቤት ሲያነጥፉት ከመግቢያው በኩል የትኛውን ማየት እንደሚወዱ ይወስኑ። በ3 ወር ሲያዞሩት ቀለሙ የተለወጠ ቢመስልዎ አይደንግጡ።

ትራስ ሲጨምሩ የምንጣፉን ዋና ቀለም ሳይሆን ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ያንሡ። ዋናው ከተደገመ ክፍሉ ልክ የተገዛ ስብስብ ይመስላል።

ሲነጠፍ

ሴራሚክ ስለሚያንሸራትት ከሥሩ ንጣፍ ግዴታ ነው፤ ላዩ ፌልት (ተጨምቆ የተያያዘ ወፍራም ጨርቅ)፣ ታቹ የተፈጥሮ ጎማ የሆነ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል። ከምንጣፉ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያንስ ይቁረጡት፤ እኩል ከሆነ ጠርዙ ይነሣና ያደናቅፋል። (ወለሉ የፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ጎማ ያለበትን አልመክርም ነበር፤ ቢጫ እድፍ ይተውበታል።) ሴራሚክ ውሃ አይጠጣምና ወለል ሲወለወል ወደ ምንጣፉ ሥር የገባ ውሃ እዚያው ይቀመጣል። ከመወልወልዎ በፊት ጠርዙን ጠቅልለው ያንሡ፤ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይመልሱ። ብዙ የሻገተ ምንጣፍ የሚሻግተው ፈሰሰበት በተባለው ነገር ሳይሆን በዚህ ውሃ ነው።

አዲስ የሱፍ ምንጣፍ ለጥቂት ወራት ብናኝ ይጥላል፤ ጉድለት አይደለም። ከላዩ ወጥታ የቆመች ክር ካዩ በመቀስ እኩል ያድርጓት፤ ከጎተቷት ቋጠሮውን ይዛ ትወጣለች።

በየጊዜው

ምንጣፍን በዋናነት የሚገድለው እድፍ ሳይሆን አሸዋ ነው። ስል ጫፍ ያላት ደቃቅ አሸዋ ወደ ጸጉሩ ሥር ትወርድና በተረገጠች ቁጥር ክሩን ትቆርጣለች፤ መተላለፊያው ላይ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ሰው በሚበዛበት ቦታ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ በቫኪዩም ይጥረጉ፤ በጸጉሩ አቅጣጫ፣ በዝግታ። የሚሽከረከረውን ብሩሽ በሱፍ ላይ ከፍ ያድርጉት ወይም ያጥፉት፤ ዘርፉ ላይ ፈጽሞ አያስጠጉት። በየ2 ወይም 3 ወሩ ምንጣፉን ገልብጠው ጀርባውን ይጥረጉ፤ መልሰው ሲያነሡት ወለሉ ላይ የሚያገኙት አሸዋ ከላይ ተጠርጎ ያልወጣው ነው።

ነገር ሲፈስ ነጭ ጨርቅ አስቀምጠው ይጫኑ፤ አይፈትጉ። ፍትጊያ የሱፉን ቅርፊቶች እርስ በርስ ያያይዝና ቦታው ይወፍራል፣ እድፉ ቢወጣ እንኳ ያ ምልክት ይቀራል። ከዳር ወደ መሐል ይሂዱ። ውህዱ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ብዙ ሳሙና ብዙ ያጸዳል የሚለው ሐሳብ ምንጣፍ ላይ አይሠራም፤ ያልታጠበ ሳሙና ክሩ ላይ ይቀርና አቧራ ይስባል፣ ከሳምንት በኋላ ያው ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ደግመው ያንሡት። መጨረሻ ላይ ደረቅ ነጭ ፎጣ አጥፈው ከባድ ነገር ጭነውበት ያሳድሩት። ከሥር የቀረው ፈሳሽ ሲደርቅ ወደ ጸጉሩ ጫፍ ይወጣል፤ ፎጣው ያንን ይቀበለዋል። «አጽድቼው ነበር፣ ተመለሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፎጣው ስላልተደረገ ነው።

ቡናና ሻይ ከሳሙናው በኋላ 1 እጅ ነጭ ኮምጣጤ በ2 እጅ ውሃ ይፈልጋሉ። ወተትና ደም ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ያረጋዋል። ዘይት ላይ መጀመሪያ ውሃ አይድረስ፤ የበቆሎ ስታርች በትነው አንድ ሰዓት ያህል ትተው በቫኪዩም ያንሡ፣ ከዚያ ሳሙናው። ጭቃ ይድረቅና ይጠረግ፤ ርጥብ እያለ ከነኩት ወደ ውስጥ ይገባል። የልጅ ሽንት ከሁሉ ይልቅ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሲቆይ ወደ አልካሊነት ስለሚለወጥ የሱፉን ቀለም ራሱን ያበላሻል፣ ያ ደግሞ እድፍ ስላልሆነ በምንም አይወጣም። ወዲያው ተጭነው ያንሡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂቱ እያፈሰሱ ደጋግመው ይምጠጡ፣ በኮምጣጤው ውህድ ይጨርሱ፣ ጀርባውም መድረቁን ያረጋግጡ። ኮምጣጤውንም በድብቅ ጥግ ላይ ሳይሞክሩ አይጠቀሙ።

ሙሉ እጥበት ቤት ውስጥ የማደርገው ለሁለት ዓይነት ብቻ ነው፦ የሸራ ጀርባ ለሌለው ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር፣ እና የቀለም ፈተናውን ላለፈ ትንሽና ስስ የጥጥ ወይም የሱፍ ንጣፍ። ሁለቱንም ገጽ ጠርገው፣ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ልብስ ሳሙና በጥብጠው፣ በለስላሳ ብሩሽ በጸጉሩ አቅጣጫ፤ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ። ትልቁን የሱፍ ምንጣፍ ግን ለባለሙያ ይስጡት። ደረቅ ሳለ 20 ኪሎ የሚመዝን ምንጣፍ ውሃ ሲጠግብ አንድ ሰው አያነሣውም፤ በአንድ ገመድ ላይ ቢንጠለጠል ክብደቱ ድሩን ይለጥጠዋል፣ ሊበጥሰውም ይችላል። ማድረቂያው ጠፍጣፋ ወይም በብዙ እንጨት ላይ የተዘረጋ፣ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል። ጸጉሩ ደርቆ የጥጡ ድር ርጥብ ሊሆን ስለሚችል እጅዎን ከጀርባው ተጭነው ይመርምሩ።

የሶፋ እግር ያጎደጎደው ቦታ ሱፍ ከሆነ አንድ ፍሬ በረዶ አስቀምጠውበት እስኪቀልጥ ይተዉት፣ ውሃውን በፎጣ ይምጠጡ፣ ጸጉሩን በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለው ያንሡት።

ብል የሚኖረው ሰው በማይረግጥበት ጨለማ፣ ማለትም ሶፋው ሥር ነው። የሚበላው የሚበርረው አይደለም፤ ትሉ ነው። ስለዚህ የሚበርረውን ማባረር አይበቃም። በወር አንድ ጊዜ ሶፋውን ገፍተው ሥሩን ይጥረጉ፤ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ወይም የተላጨ ቦታ ካዩ ጀርባውንም ይመልከቱ። ትንሽ ምንጣፍ ከሆነ በፕላስቲክ በደንብ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ያቆዩት፤ ሲያወጡት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሽጉን አይክፈቱ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ለማስቀመጥ ሲሆን ግን ፕላስቲክ አይሆንም፤ እርጥበት አፍኖ ያሻግታል። ታጥቦ በደንብ የደረቀውን ምንጣፍ ሳያጥፉ በጠንካራ ቱቦ ላይ ይጠቅልሉት፣ በጥጥ አንሶላ ይሸፍኑት፣ ከወለል ከፍ አድርገው አጋድመው ያስቀምጡት፤ በየ3 ወሩም ፈተው ያናፍሱት።